ሐሳብህን ጨርስ፣ ስድቡን መልስ

እሑድ ነው። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ ወደ ዕድሩ ቤት ይሰባሰባል። ከጮቄ በኩል የሚወርደው የደብረ ማርቆስ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የቆርቆሮው አዳራሽ አንዱ ጥግ በትልልቅ ድስቶችና በተጠቀለለ ድንኳን ተይዟል። በሌላው ጥግ ጸሐፊው መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስም ይጠራል። እኔ በእንግድነት በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ።

ነገሩ የተነሣው በድንኳኑ ነው። ዕድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል፤ በዚያው ሰበብ ወርኃዊው መዋጮ ይጨመር ተብሏል። በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ ወጣት እጁን አውጥቶ ተነሣ። «ድንኳኑ በስንት ተገዛ? ደረሰኙን ያየ ሰው አለ?» አለ። ገንዘብ ያዡ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «ይቀርባል። አንተ ደግሞ ትናንት የገባህ ልጅ ምን አስቸኮለህ?» አሉት። የልጁ ደም ፈላ። የሰውየውን ትውልድና የመጡበትን አገር አንሥቶ፣ እዚህ የማልደግመውን ነገር ተናገረ። አዳራሹ ተንጫጫ። ሁለት ሰዎች ብድግ አሉ።

«በሕግ አምላክ!»

የዕድሩ ዳኛ ድምፃቸውን ብዙም ከፍ አላደረጉም። ልጁ ግን እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። የተነሡትም ባሉበት ቆሙ።

«ተቀመጥ አላልኩህም፤ ቁም» አሉት ዳኛው። «ስለ ደረሰኙ ያልከውን ድገመው፣ ጸሐፊው ይጽፈዋል። ስለ ሰውየው ዘር ያልከውን ግን አንሣ። ሐሳብህን ጨርስ፣ ስድቡን መልስ።»

«አያ፣ እሳቸውም እኮ ነክተውኛል።»

«የሳቸው ተራ ይመጣል። አሁን ያንተ ነው።»

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። «አንሥቻለሁ» አለ ቀጥሎ፤ «ደረሰኙ ግን ይቅረብ።» ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛው ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረው «ትናንት የገባህ ልጅ» ያሉትን እንዲያነሡ ጠየቋቸው። እያጉረመረሙ አነሡ። ደረሰኙም ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንዲቀርብ ተወሰነ።

እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዳኛው ልጁን ዝም ቢያሰኙት ኖሮ ስለ ገንዘቡ የተነሣው ጥያቄ አብሮ ይቀበር ነበር። ዝም ብለው ቢተዉት ደግሞ ያ አዳራሽ በዱላ ይበተን ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ የወጣውን ቃል ለሁለት ከፈሉት፤ ባለሥልጣንን የሚጠይቀውን ጠበቁት፣ ሰውን በትውልዱ የሚያዋርደውን መለሱት። አገር አቀፍ ፖለቲካችን ይህን መለየት አቅቶት ስንት ዓመት ሆነው?

ልማዱ አዲስ አይደለም። በየመንገዱ ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን «በሕግ አምላክ» ወይም «በንጉሥ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት መቆም ነበረበት። ሁለት ተጣዪዎች መንገደኛ አስቁመው ከዛፍ ሥር «ዳኘን» ሊሉትም ይችሉ ነበር። ክርክሩ «በላ ልበልሃ» ይባላል። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን እየነቀነቀ፣ ቃሉን እንደ ግጥም እየደረደረ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ባላጋራው «ልጠየቅ» ይላል። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ከተሟጋች አፍ የሚወጣው ቃል እጅግ የሚያቃጥል ነበር፤ ጌታውን የሚከስስ ጭሰኛም አንደበቱ እስከቻለ ድረስ ይናገራል። ተራ መንጠቅና ዳኛን መድፈር ግን ያስቀጣል። የቃሉ ነጻነትና የሸንጎው ሥርዓት እርስ በርስ የሚጣሉ ነገሮች አልነበሩም፤ ሥርዓቱ ባይኖር ዱላ ያለው ብቻ ይናገር ነበርና።

ይህን ስል የድሮውን ዘመን ማሞገሴ አይደለም። ያው ሸንጎ ለባላባቱ እንደሚያደላ፣ ሴት በጠበቃ ወይም በባሏ አፍ እንድትናገር የሚገደድበት ጊዜ ብዙ እንደነበር አውቃለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የባላባቱን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚተቸውን ካሣን ሕዝቡ «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንዲጠራው ያደረጉት በከንቱ አይደለም። የማትወደውን ቃል የሚናገረውን ሰው ወፈፌ ካልከው መልስ መስጠት አይጠበቅብህም። ከሳንሱር ሁሉ የቆየውና ርካሹ ሳንሱር ይህ ነው፤ ዛሬም በየስብሰባው አለ።

ቢሆንም ጆሮ ነበረ። ነገሥታቱና መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር በየቤቱ የሚነገር ነው። እረኛ ስም የለውም፣ ሥልጣን የለውም፤ መስክ ላይ ሆኖ ያዜመው ግን ቤተ መንግሥት ይደርሳል። ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ማወቂያው ያ ነበር።

ጆሮ ሲደፈን ምን እንደሚከተል ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አይቷል። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ገበሬው ለግብር ተብሎ መሬቱ ሲለካ ርስቱ ይነካል ብሎ ፈራ። ሽማግሌ ላከ፣ አቤቱታ ጻፈ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና። የሚሰማው ሲያጣ ከሞጣ ጀምሮ በየወረዳው ጠመንጃውን አነሣ። ወታደር ዘመተበት፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። ገበሬው የጠየቀውን በአቤቱታው ጊዜ ሰምቶ መመለስ ይቻል ነበር።

መጽሐፍም ከዚህ አላመለጠም። የጎጃም አቸፈር ልጅ የነበረው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። በማኅፀን ያለ ልጅ ፍትሕ ወደሌለበት ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከርበት መጽሐፍ ነው። መንግሥት አገደው፤ ደራሲውም ኋላ ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ። ደርግ መጣ፤ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን የከለከለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ያንኑ አጸና። ብዙ ሰው የዚህን አንቀጽ የመጀመሪያ መስመሮች ያውቃል፤ እኔ የምወደው ግን ስድስተኛውን ንዑስ አንቀጽ ነው። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሐሳቡ ይዘት ወይም ሐሳቡ በሚያሳድረው አስተሳሰብ ምክንያት ሊገታ አይገባም ይላል፤ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን በሕግ ገደብ ሊደረግ ይችላል፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫም በሕግ ይከለከላል። የዕድሩ ዳኛ ይህን አንቀጽ አንብበው ይሁን አይሁን አልጠየቅኋቸውም። ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው።

አንቀጹ በወረቀት ላይ ሲቀር ደግሞ አይተናል። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም አብረው ይጽፉ የነበሩ 6 ወጣቶችና 3 ጋዜጠኞች ታሠሩ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ እስር ቤቱ 8 ዞን ነበረው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። በሽብር ተከሰሱ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ከአንድ ዓመት በላይ የታሠሩበትን ጊዜ ግን የመለሰላቸው የለም።

ቀጥሎ ከመጣው የፖለቲካ ለውጥ በኋላ ነገሩ በሌላ በኩል ተገለበጠ። አፍ ተከፈተ፣ ስድብም አብሮ ተለቀቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185 አጸደቀ። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም እንዲህ ያለ ይዘት ሲጠቆሙ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ታዘዋል።

የአዋጁን ሁለት ክፍሎች በአንድ ዓይን ማየት አይገባም ባይ ነኝ። የመጀመሪያው፣ ሰውን በማንነቱ ለጥቃት ማጋለጥን የሚከለክለው፣ ያስፈልገናል። ሩዋንዳ በ1994 እ.ኤ.አ. አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ጎረቤትን «በረሮ» እያለ ሲጠራ ምን እንደተከተለ ዓለም ያውቃል። ሁለተኛው ክፍል ያሰጋኛል። ሐሰት የቱ ነው፣ እውነት የቱ ነው የሚለውን መጀመሪያ የሚወስነው ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ሲሆን፣ ተወቃሹም ብዙ ጊዜ ራሱ መንግሥት ሲሆን፣ ያ ልጅ ስለ ደረሰኙ የጠየቀው ጥያቄ ራሱ «ሐሰተኛ መረጃ» ሊባል ይችላል። ማስረጃው በገንዘብ ያዡ ኪስ ነውና።

ከዚህ አገር ውጭ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የሚዳኙ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ «በሕግ አምላክ» ብንል የማይቆሙ ሌሎች ዳኞች አሉ።

ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ትግራዋይ ነበሩ። በመስከረም 2014 መጨረሻ፣ የትግራይ ጦርነት በተፋፋመበት ሰሞን፣ ፌስቡክ ላይ ስማቸውን፣ ፎቷቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር እየጠቀሱ የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ወጡ። ልጃቸው አብርሃም እንዲነሡ ደጋግሞ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱ ደንቡን የጣሰ ነው የሚል መልስ የሰጠው፣ ልጁ ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ አባቱ ከሞቱ ከ8 ቀን በኋላ ነው። ስምንት ቀን። ሰው ተቀብሮ ሣልስቱ ወጥቶ፣ ለቀስተኛ ከድንኳኑ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ማለት ነው።

በዚያው መስከረም፣ ጽሑፎቹ ከመውጣታቸው ከጥቂት ቀናት በፊት፣ የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ኩባንያው በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያባባሰ ነው ብላ መስክራ ነበር። አሾልካ ካወጣቻቸው ሰነዶች በአንዱ፣ ሐሰተኛ መረጃን ለመለየት ከተመደበው በጀት 87 በመቶው ለአሜሪካ ብቻ ነበር። ለቀረው ዓለም ሁሉ፣ እኛን ጨምሮ፣ 13 በመቶ። አብርሃም ከሰብአዊ መብት ባለሙያው ፍሰሐ ተክሌና ካቲባ ከተባለው የኬንያ ድርጅት ጋር በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ በመጋቢት 2017 ችሎቱ ሥልጣን አለኝ አለ። «ማን ይዳኘኛል?» የሚለው ክርክር ብቻ ከ2 ዓመት በላይ ወሰደ። መንገደኛን አስቁሞ «ዳኘን» ይል ለነበረ አገር ሰው ይህ ለመረዳት ይከብዳል።

ኩባንያው በጭራሽ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ሲሠራም እንዴት እንደሚዋልል ማየት ይቻላል። በሐምሌ 2013 አንድ ሰው የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎች በራያ ቆቦ በተፈጸመ ወንጀል ተባባሪ ነበሩ የሚል፣ ማስረጃ የሌለው ጽሑፍ በአማርኛ አወጣ። ጽሑፍ የሚያጣራው የኮምፒውተር መሣሪያ ጠቆመ፤ አንድ ሠራተኛ አይቶ አነሣው፤ ጸሐፊው ይግባኝ ሲል ሌላ ሠራተኛ አጸናው። ነገሩ የኩባንያው የቁጥጥር ቦርድ ዘንድ ሲደርስ ኩባንያው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ ጽሑፉን መለሰው። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ ቦርዱ መነሣቱ ትክክል ነበር አለ። ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። እዚህ ላይ ከቦርዱ ጋር እስማማለሁ፤ አንድን ሕዝብ በጅምላ ለበቀል የሚያጭ ወሬ በጦርነት መሐል እንደ ሐሳብ ሊቆጠር አይገባም። ውሳኔው ሲወጣ ግን ጽሑፉ የሠራውን ሠርቶ ነበር።

አማርኛ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ አስቸጋሪ ነው። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» ብጽፈው ለአንባቢ ያው ፀሐይ ነው፤ ለመሣሪያ ግን 6 የተለያየ ቃል ሊሆን ይችላል። ስድብ መደበቅ የፈለገ ሰው አንድ ፊደል ይለውጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ምንም ክፉ ቃል የሌለበት ክፋት ነው። አንድ የጎዛምን ገበሬ በመኸር ጊዜ ለልጆቹ «እንክርዳዱን ልቀሙ» ቢል እህሉን እያሰበ ነው። ያንኑ ቃል አንድ ሰው የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ፎቶ ሥር ቢጽፈው የሞት ጥሪ ነው። ቃሉን ብቻ የሚያይ መሣሪያ በሁለቱም ውስጥ እህል ብቻ ያያል። በተቃራኒው፣ አንዲት ጋዜጠኛ የተሰነዘረባትን ስድብ ለማጋለጥ ቃል በቃል ብትጠቅስ፣ ተሳዳቢው ሲታለፍ የእሷ ጽሑፍ ሊነሣ ይችላል።

ሰምና ወርቅ ለማንም እንግዳ ነገር በማይሆንበት አገር ይህ ሊያስገርም አይገባም። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ደብረ ኤልያስና ዲማ ከዚህ ሩቅ አይደሉም። ደቀ መዝሙሩ ቀን በየጥሻውና በየወንዙ ዳር ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፤ ቃሉ ከተሳሳተ ያርማሉ፣ ምሥጢሩ ከጎደለ ይመልሱታል። አንድ ጊዜ ቆሜ ስሰማ አንድ ልጅ የጀመረውን ሦስቴ አስጀመሩት፤ በአራተኛው ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅኔው ሲያምር ጉባኤው የሚለው ቃል አንድ ነው፤ «ይበል!» ይላል። ይህን ቃል ስንቱ ሰምቶት ልብ ብሎት ይሆን? ለመልካም ነገር የምንሰጠው ከፍተኛው ምስጋና «ይናገር» የሚል ፈቃድ ነው። ያን ፈቃድ የሚሰጠው ጉባኤ ግን ሰሙንም ወርቁንም የሚሰማ ነው። በቅኔ ነገሥታት ሲገሠጹ ኖረዋል፤ ተግሣጽንና ክፉ ምኞትን የሚለይ ጆሮ እዚያው ተቀምጦ ስለነበረ ነው።

መንግሥት በበኩሉ ቀላሉን መንገድ መርጧል፤ መስመሩን መቁረጥ። በየካቲት 2015 በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው ቀውስ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ 5 ወር ቆዩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ጠፋ። ስድቡ መዘጋቱ እውነት ነው። ግን ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ በቪዲዮ የሚሰማበትም፣ ነጋዴው የጤፍ ዋጋ የሚጠይቅበትም፣ በአንድ ቀበሌ የሆነውን ሌላው የሚያውቅበትም አብሮ ተዘጋ። ወሬ ግን አልተዘጋም። ጨለማ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ፣ አንዱ ሞት አሥር እየሆነ፣ «ይህ ሐሰት ነው» የሚል ሰው በሌለበት ተዛመተ። ዳኛው ስድብ ሰማሁ ብሎ አዳራሹን እንደ መቆለፍ ነው፤ ሰዎቹን ደግሞ እዚያው ውስጥ ትቶ።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ፤ ስብሰባው በደረሰኙ አላለቀምና። መዋጮው ይጨመር በሚለው ላይ አንዲት እናት ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ። ጌሾ ስንት እንደገባ፣ ገብስ ስንት እንደገባ፣ እንጨት ስንት እንደገባ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር፤ ሰዉም መንቆራጠጥ ይዟል። ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው፣ «እትዬ፣ ገብቶናል፤ ጊዜ የለንም። ወደ ድምፅ መስጠቱ እንሂድ» አሉ። እናቲቱ አፋቸውን እንደከፈቱ ተቀመጡ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ዳኛ፣ ሥርዓት! ሴትየዋ አልጨረሱም።»

ዳኛው ቀና አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ፤ በዕድሩ ደንብ ተናጋሪን ያቋረጠ ይቀጣል፣ ደንቡ ዳኛውን አይለይም። ዳኛው ለአፍታ ሽማግሌውን አዩአቸው፣ ከዚያ እናቲቱን። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ የብር ኖት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልክ ነዎት፤ ጻፍ» አሉት ጸሐፊውን። ደረሰኝ ቆረጠላቸው። ያ ወጣት ከተቀመጠበት ሆኖ ሲቆረጥ ያይ ነበር።

«ይቀጥሉ፣ እትዬ።»

እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እንጨቱ ላይ ነበርኩ» አሉ።